ሳይንስን ከንባብ ፈተና ለይቼ ያስተማርኩበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ፊደል የሚምታታባቸው፣ አንዱን አንቀጽ አንብበው እስኪጨርሱ መጀመሪያው የሚጠፋባቸው ልጆች ይገጥሙኛል። ዓይናቸውም ጆሯቸውም ጤነኛ ነው፤ በጨዋታ ላይ ከማንም አያንሱም። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር እንዲህ ነው፤ የማሰብ ችሎታን አይቀንስም። ፈተናው በወረቀት ስለሆነ ግን "ሰነፍ" ተብለው ይቀራሉ። ይህ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የለወጥኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ስለ እፍግታ (አንድ ነገር ከይዘቱ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ) ሳስተምር ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጡን ትቼ ከጣና ዳር ደንገል ይዤ ገባሁ። ልጆቹ በእጃቸው መዘኑት፤ ሰንጥቀውም ውስጡን አዩ፤ ስፖንጅ መሳይ፣ አየር የሞላበት ነው። ከዚያ ከእርጥብ እንጨትና ከድንጋይ ጋር ባልዲ ውስጥ ጨመሩት። አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ አንድ ልጅ፣ ጮክ ብሎ ማንበብን እንደ እሳት የሚፈራ፣ ተነሥቶ አስረዳ፦ የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የአየሩን ቦታ ውሃ ሲይዘው እፍግታው ይጨምራል ማለት ነው። ቃሉን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ውሃ ስናፈላ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። መጽሐፉ ነጥበ ፍሌት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ይላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማችን ግን ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎበዝ አንባቢዎቹ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ 100 ብለው ጻፉ። ንባብ የሚከብዳት ልጅ ያየችውን ተናገረች። ክፍሉ ተከራከረ፣ ደግመን አፈላን፣ ቴርሞሜትሩ ለእሷ መሰከረላት። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ያስተማርኩት ከዚያው ክርክር ተነሥቼ ነው።

የሙከራ መመሪያውን ወረቀትም ለወጥኩት፦ በአንድ ገጽ አንድ እርምጃ ብቻ፣ ከጎኑ ሥዕል፣ ጎላ ያለ ፊደል፣ ራቅ ራቅ ያለ መስመር። ማንንም በድንገት አስነሥቼ አላስነብብም። በፈተና ጊዜ ጥያቄውን አነብላቸዋለሁ፤ መልሱን በቃል ወይም በሥዕል እቀበላለሁ፣ ለፊደል ግድፈት ነጥብ አልቀንስም። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ስላለው በቃል የምጠይቀው ሌሎቹ በቡድን ሙከራ ሲሠሩ ነው።

"ይህማ ማዳላት ነው" ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ የምመዝነው ሳይንስ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ንባቡን ግን አልተውኩትም፤ አዳዲስ ቃላትን በየድምፃቸው እየከፋፈልን፣ እያጨበጨብን እንላቸዋለን። ላይኛው ክፍል ሲደርሱ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ልጆቹን ሌላ ፊደል ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ እንደ ኦክስጅን፣ ኢነርጂ፣ ዴንሲቲ ያሉትን ስሞች ከአሁኑ በጆሯቸው እንዲለምዷቸው ከእንግሊዝኛ መምህራችን ጋር እየሠራን ነው።