ጮክ ተብሎ የተነበበ ኪሎ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ ሚዛኑ ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ ጠባቂው ፊት ለፊት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት ተራዋ ደርሶ ወጣችበት። ባልደረባዬ ካርዷ ላይ ከመጻፉ በፊት «መቶ አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። አስከትሎም «እህቴ፣ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ነው» አላት። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንዳንዶች ሳቁ። ሴትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ውጭ በር አመራች።

ተከትያት ወጣሁ። «የኔ እህት፣ እባክሽ ተመለሽ፣ እኔ አይሻለሁ» ብዬ ለምኜ አስገባኋት፤ በሩንም ዘጋሁ።

የደም ግፊቷን ልለካ ስል የመለኪያው መጠቅለያ ክንዷን በቅጡ አልዞር አለ፤ አየር ሲሞላ ማጣበቂያው ጠርር እያለ ይላቀቃል። እንደምንም ይዤው 158/98 አነበበ። ለክንድ የጠበበ መጠቅለያ ግፊትን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳያልና ትልቁን ከድንገተኛ ክፍል አመጣሁ። 132/84 ሆነ። በመጀመሪያው ቁጥር ቢሆን የማያስፈልጋት መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችል ነበር።

«ሲስተር፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልቤ ይመታል» አለችኝ። «ሁለት ቦታ ሄጄ ውፍረት ነው፣ ቀንሺ ብለው መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ ሕክምና ሲባል ሚዛኑ ነው የሚመጣብኝ።»

የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ነጭ ነው። የወር አበባዋን ስጠይቃት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ከመጠን በላይ እንደሚፈሳት ነገረችኝ፤ ከዚያ በፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኦክስጅን የሚሸከመው የደሟ ክፍል፣ ሄሞግሎቢኗ፣ 7.1 ወጣ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ የደም ማነስ ነው። ሪፈር ጻፍንላት፤ ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ተገኘባት።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ዘር፣ ሆርሞን፣ መድኃኒት፣ እንቅልፍ፣ ኑሮ ሁሉ እጃቸው አለበት። እኛ ግን ስንፍናና ሆዳምነት ብቻ አድርገን እንፈርዳለን፤ በአደባባይ «ወፈርሽ እኮ!» ማለትም እንደ ሰላምታ ይቆጠራል። በሐፍረት የሚቀንስ ኪሎ የለም። ያፈረ ሰው ከሕክምና ይሸሻል፣ ብቻውን ሆኖ ይበላል፣ በድባቴ ይያዛል፤ ሕመሙም ሥር ይሰዳል።

ጉዳዩን ለኃላፊያችን አቀረብኩ፤ ባልደረባዬም ሳያቅማማ ተስማማ። ሚዛኑ ወደ ክፍል ገባ። ኪሎ የሚለካው ታካሚው ሲፈቅድ ነው፣ ድምፅ ሳይወጣ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ትልቁ መጠቅለያም ከትንሹ ጎን ተሰቅሏል። የቀረን ወንበር ነው፤ ያሉን ሁሉ በክንድ መደገፊያቸው መካከል ጠባብ ስለሆኑ የክንድ መደገፊያ የሌላቸው እንዲገዙ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው።