11 ሰነድ በአንድ ማታ፣ እና የእማዬ የሰርግ ቀን

እማዬን ከደሴ ወደዚህ ሜሪላንድ ላመጣት ፕሮሰስ ጀምሬ ነበር፣ ወንድሜም ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ በስልኩ ስካን አድርጎ በቴሌግራም ላከልኝ። 11 ሰነድ። የኔ የልደት ሰርተፍኬት፣ የእማዬና የአባዬ የቤተክርስቲያን ጋብቻ ወረቀት፣ የአባዬ የሞት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቀበሌ ደብዳቤዎች፣ ከፊሉ በእጅ የተፃፈ፣ ማህተም ፅሁፉ ላይ ያረፈበት። ኢሚግሬሽን ደግሞ የአማርኛ ሰነድ የሚቀበለው ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ቋንቋውን እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል እንደሆነ አረጋግጦ ሲፈርምበት ነው።

ልጆቹን አስተኝቼ ብዙ ፋይል አንድ ላይ የሚቀበል የኤአይ ትርጉም ሳይት ላይ ሁሉንም ጫንኩት። የፓስፖርትና የመታወቂያ ቁጥሮቹን መጀመሪያ ሸፍኛለሁ፣ እባካችሁ እናንተም እንደዛ አድርጉ። ቡናዬን አፍልቼ ስመለስ አልቆ ነበር፣ እንግሊዝኛውም በጣም ያምራል፣ ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል እስቲ አንዱን ልየው ብዬ የጋብቻ ወረቀቷን ከፈትኩ።

ወረቀቱ "ጥር 22 ቀን 1975 ዓ.ም" ይላል። ትርጉሙ "ጃንዋሪ 22፣ 1975"። ፓስፖርቷ ላይ የትውልድ ዘመኗ በፈረንጅ ኤፕሪል 1962 ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ኦፊሰር እናቴ በ12 ዓመቷ ተዳረች ብሎ ነው የሚያነበው! እማዬ ያገባችው 20 ዓመቷ ላይ ነው፣ የሰርጓ ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 30፣ 1983 ነው። እንቅልፌ ጠፋ።

ከዛ ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ስሟ ፀሐይ ነው። አንዱ ሰነድ ላይ እንደ ፓስፖርቷ በቲኤስ ተፅፏል፣ ሌላው ላይ በኤስ፣ የቀበሌው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ጭራሽ ስሟን ተርጉሞት "ሰን" ሆናለች፣ ሰማይ ላይ ያለችው። ፋይሎቹን አንድ ላይ ብጭናቸውም ለካ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚተረጉመው፣ የመጀመሪያው ላይ የፃፈውን አምስተኛው ላይ አያውቀውም። በጣም ያስፈራኝ ግን የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። እሱ ብቻ ስካን ሳይሆን የድሮ ወርድ ፋይል ሆኖ ነው የመጣው፣ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተፃፈ፣ እኛ አማርኛ እናያለን እንጂ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። ማሽኑ ያገኘውም ያንን ዝብርቅርቅ ነው፣ ግን አልገባኝም አላለም፣ ጥርት ያለ አንድ ፓራግራፍ እንግሊዝኛ ሰጠኝ፣ ሰነዱ ላይ የሌለ።

በማግስቱ እንደገና ጀመርኩ። ሁሉንም አንድ የኤአይ ቻት ውስጥ አስገባሁ፣ ከላይ የሁሉንም ሰው ስም ልክ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ዘርዝሬ ከዚህ ውጪ እንዳትፅፍ፣ ስም እንዳትተረጉም አልኩት። ቀን አትቀይር፣ ጥርን ጥር ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ፃፍ፣ ዓመቱ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አመልክት አልኩት። ቀኖቹን ራሴ ነኝ የቀየርኳቸው፣ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት ነው፣ ዝም ብሎ 8 ደምሮ መሄድ አይቻልም። ማህተም የሸፈነውን ደግሞ አትገምት፣ "አይነበብም" በል አልኩት። የፍርድ ቤቱን ወርድ ወደ ምስል ቀይሬ ነው የሰጠሁት። አሁን በ11ዱም ላይ ስሟ አንድ አይነት ሆነ። አንድ ላይ የመተርጎም ትልቁ ጥቅም ለኔ ይሄ ነው፣ ፍጥነቱ አይደለም።

ማሽን ስለማይፈርም ሁለቱንም ቋንቋ ጥንቅቅ አድርጋ የምታውቅ ጓደኛዬ ቁጭ ብላ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር አመሳክራ ሁለት ስህተት አገኘች፣ አስተካክላ ፈረመች።

ከመላኬ በፊት እማዬ ጋ ደወልኩና የሰርግሽ ቀን ትዝ ይልሻል ወይ አልኳት።

"እንዴት ይረሳል ልጄ፣ የጥር ዑራኤል፣ እሁድ ቀን ነበር" አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ካሌንደሩን ወደ ጃንዋሪ 30፣ 1983 መለስኩት። እሁድ ነው።