መስመሩ የሚጠበው የት ላይ ነው?

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ውጪው መስመር ነው። እኔ ማስረጃ ሳልይዝ ማንንም መውቀስ አልወድም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት የሒሳብ ሠራተኛ የወር መጨረሻ ሰነድ ለመላክ እስኪመሽ ተቀምጠው፣ ከዚያ ወጥተው ታክሲ ሲሰለፉ ማየት ደግሞ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስዊቾቹ (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኙት ሳጥኖች) ስለሚያልፍባቸው ዳታ የሚሰጡትን ንባብ፣ የሰርቨር ክፍሉን ሙቀትና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ወደምንከታተልበት ፕሮሜቴየስ የተባለ የክትትል ሶፍትዌር አስገባሁት። ለኔትወርክ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ይገዛ ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። መብራት የጠፋበት ሰዓትና የመስመሩ ጭነት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መታየታቸውን ግን በምንም አልለውጠውም።

ስዊች በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ሁኔታቸውን በሚጠየቁበት ፕሮቶኮል) ሲጠየቅ የሚሰጠው ፍጥነት አይደለም፤ በፖርቱ (ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ) በኩል እስካሁን ያለፈውን የባይት ድምር ነው። እንደ መብራት ቆጣሪ ሁሉ ከአሁኑ ንባብ የቀደመው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በመካከሉ ላለፈው ሰከንድ ተካፍሎ፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ8 ሲባዛ ቢት በሰከንድ ይገኛል። ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ግን የቆጣሪውን ስፋት ነው። የድሮው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በ1 ጊጋ ቢት ሙሉ ጭነት በ34 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በየደቂቃው እየጠየቁ በእሱ ላይ የተሣለ ግራፍ አይታመንም፤ ባለ 64 ቢቱን መጠየቅ ግድ ነው።

ዛሬ ግራፉ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። የውጪው መስመር ግማሹ እንኳ አልተያዘም። ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ዋናው ስዊች የሚወርደው ፖርት ግን ከምሳ በኋላ ወደ 100 ሜጋ ቢት ይጠጋና፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ እስከ ማታ ይዘልቃል። 1 ጊጋ ቢት መሸከም የሚገባው ፖርት በ100 እየሠራ ነበር! ጊጋ ቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራት ጥንድ ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ ለ100 ሁለቱ ይበቁታል። ኬብሉን እየተከተልኩ ስወርድ የካቢኔው በር የጨፈለቀውን ቦታ አገኘሁ፤ ሽፋኑ ተልጦ ቡናማው ሽቦ ተበጥሷል። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ደህና ስለነበሩ መስመሩ ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ ችግሩ ተደብቆ የከረመውም ለዚህ ነው።

ኬብሉን ቀየርኩት፤ ፖርቱ ወዲያው ወደ 1 ጊጋ ቢት ተመለሰ። ነገ ደግሞ ስዊቾቹን የሚያገናኙትን ፖርቶች ፍጥነት ፕሮሜቴየስ ላይ እጨምራለሁ፤ አንዱ ከ1 ጊጋ ቢት በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ስልኬ ላይ እንዲደርስ።