የእናቴ 7 ሺህ ዓመት እና የሉሲ 3.2 ሚሊዮን

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኢቮሉሽን (ዝግመተ ለውጥ) የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይነቃል። ሌላ ጊዜ የሚያንቀላፋው ሁሉ እጁን ያወጣል። "ቲቸር፣ ግን እርስዎ ያምኑበታል?"

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እናቴ የተዋሕዶ ልጅ ናት፤ የፍጥረትን ዘመን በጣቷ ትቆጥራለች። በያዝነው ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ትደምራለች፣ አለቀ። 2017 ሲብት 7517 ሆነ። ለአራት አካፍላ አንድ ተረፈ፣ ዘመነ ማቴዎስ ነው አለች። ታናሽ ወንድሜ ጴንጤ ነው፤ ስድስቱ ቀናት እያንዳንዳቸው 24 ሰዓት ናቸው ብሎ ይሟገታል። ግቢያችን ውስጥ የተከራየው ወዳጄ ሙስሊም ነው። እሱን የዓመት ቁጥር አያስጨንቀውም። አደም ላይ ግን ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ "አማኞች እንዲህ ይላሉ" ብሎ ሁሉንም በአንድ መጠቅለል አያዋጣም። አንዱን የሚያስቆጣው ሌላውን አይነካውም። እናቴን የሉሲ አጥንት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው መባሉ ብዙም አያናድዳትም፤ "ለእግዚአብሔር አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው" ብላ ታልፈዋለች። ዝንጀሮ የተባለ እንደሆነ ግን ቡናው ይቀዘቅዛል።

ክፍል ውስጥ የማደርገው ይኸው ነው። "ያምኑበታል?" ሲሉኝ "የኔ እምነት ፈተና ላይ አይመጣም" እላለሁ። ይስቃሉ፣ እንቀጥላለን። ሽሽት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ ለኔ ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ልጁን ከቤተክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ላስወጣው አልተቀጠርኩም። "አላምንበትም፣ ግን ቲዎሪው የሚለው ይህንን ነው" ብሎ በትክክል የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርኩን ያገኛል።

የምወደው ጥያቄ "የአጥንቱን ዕድሜ በምን አወቁ?" የሚለው ነው። ብዙዎቹ በካርቦን ይመስላቸዋል፤ የሚደግፉትም የሚቃወሙትም። ካርቦን ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ ብዙም አያስኬድም። ሉሲ በተገኘችበት በአፋሩ ሐዳር የሚለካው አጥንቱ ሳይሆን አብሮት በአፈሩ ውስጥ የተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል። ይህን ስናወራ ሃይማኖት አይነሳም፤ ሁሉም ስሌቱ ውስጥ ይገባል። "ታዲያ ዝንጀሮ ዛሬ ለምን ሰው አይሆንም?" ለሚለው ደግሞ "አንተ ከአጎትህ ልጅ ተወለድክ እንዴ? አያታችሁ ነው አንድ" እላለሁ። ሁሌ ባይሆንም ይሠራል።

እናቴን አንድ ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳት። ላሳምናት አልነበረም፤ "እዩኝ እዩኝ ያለች ያቺ ሉሲህን አሳየኝ" ብላኝ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆመች። እዚያ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ነጠላዋን አስተካከለችና "ነፍስ ይማር" አለች። አጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ስትሞት ዕድሜዋ ስንት ነበር?" ወጣት ነበረች፣ የመጨረሻ መንጋጋዋ በቅሏል አልኳት። "ውይ፣ ልጅ ናታ!" የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑን ስነግራት ደግሞ ፊቷ በራ። የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው። የዓመቱን ቁጥር አልተቀበለችውም፣ ኅዳር 15ን ግን እስካሁን ለጎረቤት ታወራለች።

ከባዱ ወንድሜ ነው። በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ከዚያ መኳረፍ። በኋላ ሕግ አወጣን። ማዕድ ላይ ክርክር የለም፤ ቡና ላይ ይቻላል። ቡና የመረጥነው ተከራያችንም ስለሚገኝ ነው። በበዓል ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ ቡናው ግን አንድ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ሲኖር ደግሞ ድምፅ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ሕግ፣ ከመቃወምህ በፊት የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ "ልክ ነው" እስኪል ድረስ ራስህ ተናገር።

ወንድሜ የተፈጥሮ ምርጫን (ለአካባቢው የተስማማው ተርፎ ይራባል የሚለውን) ከአንዳንድ ተማሪዎቼ አጥርቶ አስረዳና "ይኼ ነው የምትሉት፣ ውሸት ነው እንጂ" አለኝ። እኔም የሱን ስናገር ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ላይ ደጋግሞ አረመኝ። አሁን የቀረን የኖኅ ውኃ ነው። ተከራያችንም ስለ ኑሕ የምለው አለኝ ስላለ፣ ለፋሲካ ማግስት ቀጥረነዋል።