ሥሩ እንጨት፣ ላዩ ብረት

«ወገቤን እኮ እስከ ዛሬ ያመኛል» አለች እትዬ ከኋላ ወንበር። መኪናችን ፍሬድሪክስበርግ ሳትደርስ በተለመደው ጭንቅንቅ ውስጥ ቆማለች። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ በኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ የወረደ ሰው ይህን ቦታ ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ደግሞ በደንብ አድርጎ ያውቀዋል።

የምታማርረው በ2009 ስላደረግነው ጉዞ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሆነን ነገር በእኛ አቆጣጠር ለመጻፍ ስሞክር እኔው ራሴ ይምታታብኛል።) ያኔ አገሩን ከረገጥኩ ስምንት ወሬ ነበር። እትዬ የሥራ ባልደረቦቿ ትኬት ሰጥተዋት ዶስዌል፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን የመዝናኛ ፓርክ ይዛኝ ሄደች። እኔም ምኑንም ሳላውቅ ኸርለር የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር (ሰው ጭኖ ዳገት ቁልቁለቱን በፍጥነት የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) ላይ አወጣኋት። «ማርያም! ማርያም!» እያለች ጨረሰችው። ስትወርድ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ አግዳሚ ወንበር ፈለገች፤ እስክንመለስም አላናገረችኝም።

አሁን እንደገና የምንሄደው በልጇ የተነሳ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ሮለር ኮስተር የሚያውቀው እኛ የኳስ ተጫዋች በምናውቅበት አኳኋን ነው፤ ቁመቱን፣ ፍጥነቱን፣ የሠራውን ኩባንያ፣ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እማዬን ያሳመማት ይሄ ነው፤ ግን አሁን ሃይብሪድ ሆኗል» አለኝ። ሃይብሪድ ሲባል የዲሲ ሰው አእምሮ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደው ፕሪየስ መኪና ነው። እኔም ባትሪ የገጠሙለት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ ነው። ኸርለር በ1994 ተከፍቶ በ2015 መጨረሻ ተዘጋ። እንዳለ አላፈረሱትም። የእንጨቱን አጥንት አብዛኛውን ትተው ላዩ ላይ የብረት ሐዲድ ዘረጉበትና በ2018 ጸደይ ትዊስትድ ቲምበርስ ብለው ከፈቱት። ይህን ስሰማ መሄድ አለብኝ አልኩ። አባቴ አናጢ ነበር። እኔም አዲስ አበባ እንጨት ቤት ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው የመጣሁት፤ አሁንም እንጀራዬ የኩሽና ቁምሳጥን መሥራት ነው። የሰውን እንጨት ሳያፈርስ ያደሰ ሰው ሲገጥመኝ ሥራውን ቀርቤ ማየት እወዳለሁ።

ፓርኩ ከመድረሱ በፊት የኤፍል ማማው ይታያል። አዎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኤፍል ማማ አለ፤ የፓሪሱ ሲሶ ነው፣ ፓርኩ በ1975 ሲከፈት ጀምሮ የቆመ። ምግብ ይዞ መግባት ስለማይቻል እትዬ በፎይል የጠቀለለችውን ፍርፍር መኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈኑን ጠረጴዛ አድርገን በላን። ከጎናችን ያቆሙ ሰዎች ሽታው ስቧቸው ይሁን ገርሟቸው ባላውቅም ሁለት ሦስቴ ዞር ብለው አዩን።

ውስጥ ገብተን በቀጥታ ወደ እሱ ሄድን። ልጁ ሰልፍ ሊይዝ ሮጠ፤ እኔ አጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። የሚታየው መጀመሪያ ጫካ ነው የሚመስለው፤ ቋሚ፣ ማገር፣ ሰያፍ፣ እንደገና ማገር። እኛ አገር ፎቅ ሲሠራ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ይሄኛው በገመድና በምስማር ሳይሆን በብሎን የታሰረ፣ እያንዳንዱ እንጨት በልክ የተቆረጠ መሆኑ ነው። አሮጌውንና አዲሱን መለየት ቀላል ነው። ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ግራጫ ሆኗል፤ ዳር ዳሩ ላይ ስንጥቅ ይታይበታል። አዲሱ ገና ቢጫነቱን አልለቀቀም። አንድ ቋሚ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ ብሎን ታስረው አየሁ። አባቴ ቢሆን ከአሮጌው ጋር የሚያዋድደው እንጨት ሲመርጥ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

ዓይኔን ወደ ላይ ሳነሳ ግን ሐዲዱ እንጨት አይደለም። ብረት ነው።

እዚህ ላይ እትዬን ያሳመማትን ነገር ልናገር። በድሮው ዓይነት የእንጨት ሮለር ኮስተር ሐዲዱ ራሱ እንጨት ነው፤ ጣውላ በጣውላ ላይ ተደርቦ፣ ሰባት ስምንት ድርብ ሆኖ ይቸነከራል። ጎማው የሚሄድበት ቦታ ላይ ብቻ ስስ ጠፍጣፋ ብረት ይለበጥበታል። ሲከፈት ጥሩ ነው። ግን ክረምት ሲመጣ የቤታችን በር እንዴት አልዘጋ እንደሚል አስቡ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ውኃ ይጠጣል፤ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይኮማተራል። በዚያ ላይ ቶኖች የሚመዝን ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ይረግጠዋል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቁልቁለቱ አልቆ ባቡሩ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ክብደቱ እዚያ ይበረታል። ምስማሩ ይላላል፣ ጣውላው ይጎደጉዳል፣ ባቡሩም ግራና ቀኝ እየተላተመ ያልፋል። ለዚህ ነው የእንጨት ሐዲድ ያለው ፓርክ በየብርድ ወራቱ አናጢ አስገብቶ የተበላሸውን ጣውላ አውልቆ አዲስ የሚቸነክረው። ይሠራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ቦታ ይመለሳል።

ይህን ዑደት የሰበረው አይዳሆ ውስጥ ሄይደን ከተማ ያለ ሮኪ ማውንቴን ኮንስትራክሽን የሚባል ኩባንያ ነው። ፍሬድ ግረብ የሚባል ሰው የመሠረተው ነው፤ ከንድፍ አውጪው ከአለን ሽልክ ጋር ሆነው ያሰቡት ነገር ለብረት ሠራተኛ ግልጽ ነው። ቱቦ በመጠምዘዝ ፈንታ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ማሽን ይቆርጣሉ፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ገና ሲቆረጥ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቁራጮቹን በየዳቸው የላቲኑን አይ ፊደል የሚመስል ሐዲድ ያደርጓቸዋል። ጎማ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ይይዘዋል። ይሄው ሐዲድ ተጭኖ መጥቶ በአሮጌው እንጨት አናት ላይ በብሎን ይታሰራል። መጀመሪያ የሞከሩት ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ውስጥ ነው፤ ከ1990 ጀምሮ የነበረውን ቴክሳስ ጃይንት ቀይረው በ2011 ከፈቱት። ኦሃዮ የሚገኘው ሲዳር ፖይንት የ1991ዱን ሚን ስትሪክ አስቀይሮ ስቲል ቬንጀንስ ያለው ደግሞ በ2018 ነው፤ ከእኛው ከቨርጂኒያው ጋር በአንድ ዓመት።

ሐዲዱ ብረት መሆኑ የሚያመጣው ለውጥ ልስላሴ ብቻ አይደለም። ጣውላ እንደልብህ አይጠመዘዝም፤ ይሄ ብረት ይጠመዘዛል። ስለዚህ አሮጌው አጥንት ላይ ሆነው ሰውን ዘቅዝቀው ማሳለፍ ይችላሉ። ኸርለር 25 ሜትር ገደማ ነበር፤ አናቱ ላይ ጨምረውበት አሁን 34 ሜትር ሆኗል። ሦስት ቦታ ይገለብጣል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከወንበር የሚያነሳህ ቦታ 20 ነው፤ ይሄን የነገረኝ ልጁ ነው፤ ፓርኩም የሚያስተዋውቀው በዚሁ ቁጥር ነው።

«ጋሼ! ና እንጂ!» ሰልፉ ደርሶ ነበር።

እትዬ ቦርሳችንን ሁሉ ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መነጽሬን ሰጠኋት። «ስልክህንም» አለች። «ሌላም ካለህ አምጣ፣ ጥርስህንም።»

ቦታው የፖም እርሻ እንዲመስል ተደርጓል፤ የባቡሩ ግንባር እንደ ድሮ የጭነት መኪና ነው። ጭንህ ላይ የሚወርድ ብረት አለ፣ ቅልጥምህንም የሚይዝ ነገር አለው። ትከሻህ ላይ ምንም የለም። ይሄ ነገር ሊዘቀዝቀኝ ነው፣ ትከሻዬን ደግሞ ማንም አልያዘውም። ለልጁ ይሄን ላለማሳየት ስለ አየሩ ጸባይ ማውራት ጀመርኩ።

ሰንሰለቱ ወሰደን። ዳገቱን ስንወጣ ወደ ጎን አይቼ እንጨቱን እቆጥር ነበር። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ፣ ከዚያ ቢጫ። ድሮ ጫፉ የነበረበትን ቦታ አለፍን ማለት ነው። ከዚያ አናቱ ላይ ባቡሩ ወደ ጎን ተንከባለለ፤ ሰማዩ ከእግሬ ሥር ገባ፣ መሬቱ ከራሴ በላይ ሆነ፣ እንደተገለበጥን ቁልቁል ወረድን። አንጀቴ አብሮኝ አልመጣም። ሁለተኛው ጉብታ ላይ ጭኔን የያዘው ብረት ባይኖር ኖሮ ፍሬድሪክስበርግ ላይ ያለውን መኪና ሁሉ ከላይ አየው ነበር። ልጁ ይስቃል። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ «ማርያም» እንዳልኩ ልጁ ለእናቱ ነግሯታል፣ አልካድኩም።

ስንቆም መጀመሪያ የነካሁት ወገቤን ነው። ምንም የለም። አንገቴም ምንም የለም። ያን ያህል ተንጠራርተን፣ ተገልብጠን፣ ተወርውረን አንድም ቦታ አላንገጫገጨንም። አንድ ነገር ግን አጣሁ፤ ድምፁን። ያ የድሮው ነጎድጓድ፣ ጣውላው ሁሉ አብሮ የሚጮኽበት፣ የለም። የሚሰማው የጎማ ሹክሹክታና የሰው ጩኸት ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሄድ ከሥርህ እንጨት እንዳለ አታውቅም። እንጨቱ ተሸካሚ ሆኖ ቀርቷል፤ ድሮ ግን ተናጋሪም ነበር። ሥራውን አደንቃለሁ፣ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርገው ነበር። ቢሆንም ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ አጥሩን ተደግፌ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ ምናልባት ከውጭ ይሰማ ይሆናል ብዬ። አልተሰማም።

ፓርኩ ውስጥ ሐዲዱም እንጨት የሆነ ገና አለ። ግሪዝሊ የሚባለው ከ1982 ጀምሮ ዛፍ ውስጥ ተደብቆ የሚሮጥ ነው። ልጁን ይዤ ሄድኩ። እሱ ሕይወቱን ሙሉ የወጣባቸው የብረት ብቻ ናቸው። ከጣቢያው ወጥተን የመጀመሪያውን ቁልቁለት ወርደን ገና ስንታጠፍ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም! እንጨት ነው!»

«አይ፣ የሆነ ነገር ወልቋል፣ እየሰማሁት ነው!»

ጨርሰን እስክንወርድ ጎማ ወልቋል ብሎ ያምን ነበር። ሠራተኛዋን ሊያስጠነቅቃት ሲል ነው ጎትቼ ያወጣሁት። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እናቱ «ሮለር ኮስተር» ያለችው ነገር ለልጇ የብልሽት ምልክት ሆነ።

ይህን ለእትዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ያኛው ነጩ አሁንም አለ?» አለች። ያኔ ሁለቱ ባቡሮች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበትን ማለቷ ነው። ከፓርኩ ጋር በ1975 የተከፈተው ነው፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር፣ አሁን ሬሰር 75 ይሉታል። ሐዲዱ እንጨት፣ ሥሩም እንጨት።

«ትወጪያለሽ?»

«ከተማረሩ አይቀር...» አለችና ቦርሳዎቹን ለእኔ ሰጠችኝ። መልሼ ልጁ ላይ ጫንኳቸው፤ እሱ መልሶ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው።

ልጁ «እኔ በዚያኛው» ብሎ ወደ ሌላኛው ሐዲድ ሄደ። እኔና እትዬ መሐል ላይ ተቀመጥን። ነጠላዋን ጉያዋ ውስጥ ወሸቀች። ዳገቱን ስንወጣ ያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ። ከሥራችን ጣውላው ይንቋቋል። ልጁ በሌላኛው ባቡር ከእኛ ትንሽ ቀድሞ ይታየናል፤ ሁለት እጁን አንስቷል።

እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችው። «በርታ በለው ይሄን ሰውዬ!» አለች። የትኛውን ሰውዬ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ከፊት የሚነዳ ሾፌር ያለ መስሏታል። ከዚያ ወደቅን፤ እንጨቱ ሁሉ ጮኸ፣ እሷም ማርያምን ጠራች፣ ልጁም በአንድ ባቡር ርዝመት ቀደመን።

መኪና ውስጥ ገብተን ገና ቀበቶ ሳንታጠቅ፣ «ያ የወገብ ቅባት ኪሱ ውስጥ አለ ወይስ ቤት ቀረ?» አለች።