እምቦጭ ስንነቅል ዋልን

ዛሬ ከግቢ በአውቶብስ ተጭነን ደምቢያ፣ ጣና ዳር እምቦጭ ስንነቅል ዋልን። ወገቤ የኔ አይመስለኝም! ከሩቅ ሲያዩት ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ ለሰርግ የተነጠፈ ነው የሚመስለው። ሲጎትቱት ግን ጥቁር ጭቃ እያንጠባጠበ አንዱ ሌላውን አስከትሎ ይመጣል።

ጓንት ለግማሻችን እንኳ አልደረሰም። (ቲሸርት ግን ለሁሉም ተርፏል፤ ፎቶ አለ አይደል?)

አጠገቤ የነበሩ አንድ ገበሬ "ልጄ፣ ዳር ላይ አትተወው፤ ውኃው መልሶ ይወስደዋል። አርቀህ ጣለው" አሉኝ። ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ዘመቻ ወጣበት! ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

አሥር ሰዓት ላይ አውቶብሱ ጡሩንባ ነፋ። እኛ እግራችንን ታጥበን ስንሳፈር ሰውየው ገና እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ነበሩ።