ስልካችሁ ላይ ያለው የቤት ዋጋ ከየት መጣ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሃያትስቪል ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት የሚፈልግ ሐበሻ ዛሬ ኤጀንት ጋር ከመደወሉ በፊት የቤት ዋጋ የሚያሳዩትን ድረ ገጾች፣ ዚሎውን ወይም ሬድፊንን፣ ከፍቶ ያያል። ሻጩም እንደዚያው። ሁለቱም ለድርድር የሚቀርቡት ስልካቸው ላይ ያዩትን ቁጥር ይዘው ነው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ ግን ብዙ ጊዜ አንዳቸውም አልጠየቁም። በዚህ የተነሳ አንዱ ቤተሰብ ከአቅሙ በላይ ኦፈር ያስገባል፣ ሌላው ደህና ኦፈር መጥቶለት ይመልሳል። የመዝገብ አሠራሩ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ እዚህ የማተኩረው ሜሪላንድ ላይ ነው።

ዚሎው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊትም ቤቶች የተሸጡበት ዋጋ በመዝገብ ነበር፣ ለሕዝብም ክፍት ነበር። ነገር ግን አሰባስቦ የማወዳደሩ ሥራ በኤጀንቱ እጅ ስለነበር ገዢው የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ብቻ ነበር። ድረ ገጹ ይህን ሰበረው፣ ትልቅ ነገርም ነው። «ዜስቲሜት» የተባለው ግምት የሚሠራው ከሦስት ምንጭ ነው፦ ከታክስና ከሽያጭ መዝገብ፣ ኤጀንቶች ቤት ከሚያስገቡበት ኤምኤልኤስ (በኛ አካባቢ ብራይት ኤምኤልኤስ ነው)፣ እና ባለቤቱ ራሱ ከሚሞላው መረጃ። ቤቱ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ኩሽናው ባለፈው ዓመት ይታደስ ወይም ጣሪያው ያፍስስ፣ ከሦስቱ በአንዱ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ አያውቀውም።

ኩባንያው የስህተቱን መጠን ራሱ ያወጣል። ለሽያጭ ለወጡ ቤቶች ወደ 2 በመቶ፣ ገበያ ላይ ላልወጡ ደግሞ ወደ 7 በመቶ ነው። ይህ መካከለኛው ስህተት ነው፤ ማለትም ግማሾቹ ቤቶች ከዚያም በላይ ይሳሳቱባቸዋል። ገበያ ላይ ባልወጣ የ550,000 ዶላር ቤት 7 በመቶ ማለት 38,500 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ለዳውን ፔይመንት ያጠራቀመው ከዚህ ያንሳል።

በ2 በመቶውና በ7 በመቶው መካከል ያለው ልዩነት ለምን ሰፋ? ቤቱ ለሽያጭ ሲወጣ ፕሮግራሙ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ያያል፣ ግምቱንም ወደዚያው ያስጠጋል። ትናንት 540,000 ይል የነበረው፣ ሻጩ 575,000 ብሎ ሲያወጣው በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። ከዚያ ሻጩ «ይኸው ዚሎውም ይህን ይላል» ብሎ ይከራከርበታል። የራሱ ድምፅ ነው ተመልሶ የመጣው። ስለዚህ የምትገዙት ቤት ሊስቲንግ (የሽያጭ ማስታወቂያ) ከወጣ በኋላ ግምቱን ለዋጋው ማረጋገጫ አታድርጉት። የግምቱ ታሪክ የሚታይበት ግራፍ ካለ፣ ሊስቲንጉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ወር እዩ።

የዚሎው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ስፔንሰር ራስኮፍ በ2016 ሲያትል የሚገኘውን የራሱን ቤት በ1.05 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በዚያው ሰሞን የድረ ገጹ ግምት ወደ 1.75 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ራሱ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር 2021 ግን የቤቶችን ዋጋ አስቀድሞ መተንበይ ካሰበው በላይ አስቸጋሪ መሆኑን ገልጾ ያንን ክፍል ዘጋ፤ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ በእጁ ከነበሩት ቤቶች ዋጋ ላይ 304 ሚሊዮን ዶላር በኪሳራ ጽፎ ሩብ የሚሆነውን ሠራተኛ ሊቀንስ እንደሆነ አስታወቀ። እነሱ በገዛ ገንዘባቸው ያልጸኑበትን ቁጥር እኛ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ልንመሠርትበት አይገባም።

አሁን ወደ ቤዝመንት እንምጣ፤ በኛ ሰፈር ትልቁ የዋጋ ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነውና። ላይኛው ወለል 1,200 ስኩዌር ፊት፣ የተጠናቀቀ ቤዝመንት 900 ስኩዌር ፊት ያለው ቤት በ540,000 ወጥቷል እንበል። አንዱ ድረ ገጽ 1,200 ብሎ ካስገባው ስኩዌር ፊቱ 450 ዶላር ይመጣል፤ ሌላው 2,100 ብሎ ካስገባው ወደ 257 ይወርዳል። ቤቱ ያው ነው። ሰው ሁለተኛውን አይቶ «ርካሽ ነው» ይላል፣ ከዚያም ሙሉው 2,100 ከመሬት በላይ ከሆነ ቤት ጋር ያወዳድረዋል።

አፕሬይዘር፣ ማለትም ባንኩ ቤቱን እንዲገምት የሚልከው ባለሙያ፣ እንዲህ አይቆጥርም። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ አንድ ወጥ የልኬት ደረጃ ግድ አድርጓል፤ በዚህ ደረጃ በከፊልም ቢሆን ከመሬት በታች ያለ ወለል በዋናው የመኖሪያ ስፋት አይገባም፤ በስተኋላ በር ያለው ቤዝመንትም ቢሆን። ዋጋ ይሰጠዋል፣ ግን በተለየ መስመር፣ አብዛኛውን ጊዜም ከላይኛው ስኩዌር ፊት ባነሰ ሂሳብ ነው። የቤዝመንት መኝታ ቤትም እንዲሁ ነው። ሊስቲንጉ «5 መኝታ» ብሎ ሁለቱ ታች ከሆኑ መስኮቱን ለኩ። በእሳት ጊዜ መውጫ የሚሆን መስኮት ሲከፈት 5.7 ስኩዌር ፊት ነፃ ክፍተት እንዲኖረውና የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ እንዳይሆን የተለመደው የግንባታ ኮድ ያዛል። ያ ከሌለ ክፍሉ መጋዘን ወይም ቢሮ ነው፣ እናንተም የባለ 5 መኝታ ዋጋ መክፈል የለባችሁም። «ቤዝመንቱን አከራይቼ ሞርጌጁን እደጉማለሁ» ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ራሱን የቻለ ኩሽና ያለው ቤዝመንት ለማከራየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊስቲንጉ ላይ «የኪራይ ገቢ አለው» ተብሎ መጻፉ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም፤ ካውንቲው ጋር ጠይቁ።

የራሳችሁን ቁጥር ለማውጣት ክፍያ አያስፈልግም። በተለምዶ ኤስዳት የሚባለው የሜሪላንድ የግምገማና ታክስ መሥሪያ ቤት የንብረት መፈለጊያ ገጹን በነፃ ከፍቷል። ካውንቲውን መርጣችሁ አድራሻውን ስታስገቡ ከመሬት በላይ ያለው ስፋት አንድ ቦታ፣ የተጠናቀቀው ቤዝመንት ሌላ ቦታ ተለይተው ይመጣሉ፤ የተሠራበት ዓመት፣ የመሬቱ ስፋት፣ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠም አለ። ከድረ ገጾች ላይ ባለፉት 6 ወራት የተሸጡ ከ3 እስከ 5 ቤቶች ምረጡ፤ በተቻለ መጠን ከግማሽ ማይል ሳትርቁ፣ አንድ ዓይነት ቤት ሆኖ (ታውንሃውስን ከታውንሃውስ ጋር)፣ ከመሬት በላይ ያለው ስፋት ከ20 በመቶ በላይ ሳይለያይ፣ የትምህርት ቤቱ ክልልም አንድ ሆኖ። ከዚያ እያንዳንዱን በኤስዳት አረጋግጡ።

እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። መዝገቡ እያንዳንዱን ዝውውር «አርምስ ሌንግዝ» ወይም «ነን አርምስ ሌንግዝ» ብሎ ይለየዋል። «አርምስ ሌንግዝ» በማይዛመዱ ሰዎች መካከል በገበያ ዋጋ የተደረገ ሽያጭ ነው። «ነን አርምስ ሌንግዝ» የሚባለው ግን አባት ለልጁ ሲያዛውር ወይም በመሳሰለው ሁኔታ የተደረገ ዝውውር ስለሆነ፣ በ0 ወይም በ200,000 ተመዝግቦ ብታዩት የሰፈሩን ዋጋ አያሳይም፤ አውጡት። ሌላው፣ ሻጩ ለገዢው የክሎዚንግ ወጪ (ሽያጩ ሲጠናቀቅ ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሚከፈለውን) ከሸፈነ የተመዘገበው ዋጋ ያንን አይነግራችሁም። በ550,000 ተሽጦ 12,000 የተመለሰለት ቤት በእውነቱ የተሸጠው በ538,000 ነው። ይህን ኤምኤልኤስ ውስጥ ማየት የሚችለው ኤጀንት ስለሆነ ጠይቁት፤ ለዚህ ነው ኤጀንት የምትይዙት። «ፔንዲንግ» የሚለውን (ስምምነት ተደርጎ ገና ያልተዘጋ ሽያጭ ነው) ደግሞ እስኪዘጋ ድረስ በንጽጽር አታስገቡት፤ የሚታየው የተጠየቀው ዋጋ ነው።

ዳላስ ወይም ሂውስተን ላላችሁ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ቴክሳስ የሽያጭ ዋጋን ለሕዝብ መዝገብ ማሳወቅ ግዴታ ያልሆነበት ስቴት ነው፤ የድረ ገጽ ግምትም በዚያው ልክ መሠረቱ ይሳሳል። እዚያ የተሸጠበትን ዋጋ ከኤጀንት ውጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ድረ ገጹ ላይ የወር ክፍያ ብሎ የሚያሳየውን ሒሳብም አትመኑ፤ በተለይ የንብረት ታክሱን። ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ሆምስቴድ ክሬዲት የሚባል አለ፤ ታክስ የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድባል። ጣሪያውን የሚወስነው ካውንቲው ነው፣ ከ10 በመቶ ግን አይበልጥም። ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ሲሸጡ ገደቡ ይነሳል። ድረ ገጹ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳያችሁ የእሳቸውን ያለፈ ዓመት ሒሳብ ነው። 4,200 ብላችሁ ያሰባችሁት 6,000 ሆኖ ቢመጣ በወር 150 ዶላር ጭማሪ ነው። ይህም የሚመጣው ዘግይቶ፣ የሞርጌጅ ኩባንያው ኤስክሮው (ለታክስና ለኢንሹራንስ ከወር ክፍያችሁ የሚያስቀምጠው ገንዘብ) ጎደለ ብሎ ደብዳቤ ሲልክ ነው፤ ያን ጊዜ የጎደለውም የሚቀጥለውም አብሮ ይከፈላል። ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት የኤስዳትን ሙሉ ግምት በካውንቲው፣ በስቴቱና ካለም በከተማው የታክስ መጠን ድምር አባዙት። ከገዛችሁ በኋላም የራሳችሁን የሆምስቴድ ማመልከቻ አስገቡ፤ አንዴ ብቻ የሚሞላ ነው፣ ሳይሞሉ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።

ለሻጭ አንድ ሁለት ነገር። ገዢ ድረ ገጹ ላይ የሚፈልገው የዋጋ ጣሪያ አስቀምጦ ነው፤ 505,000 ብላችሁ ካወጣችሁ «እስከ 500,000» ያለው ሁሉ አያያችሁም። ልክ 500,000 ካላችሁ ደግሞ ከላይም ከታችም የሚፈልገው ያገኛችኋል። ዋጋ እየቀነሳችሁ መሄድ ድሮ በኤጀንቶች መካከል የሚቀር ወሬ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ቅናሽና ገበያ ላይ የቆየበት ቀን ከነታሪኩ ለገዢው ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ መሞከር ዋጋ ያስከፍላል። ከመውጣታችሁ በፊትም ዚሎው ላይ ቤቱን የራሳችሁ መሆኑን አስመዝግባችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ቁጥር፣ ስፋቱንና እድሳቱን አስተካክሉ። ግምቱ ላይነሳ ይችላል፤ የተሳሳተ መረጃ ግን አይቆይም።

ገዢዎች ደግሞ ከሊስቲንጉ አጠገብ ያለውን ኤጀንት ማነጋገሪያ ቁልፍ ስትጫኑ ስልካችሁ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለድረ ገጹ ለሚከፍል ሌላ ኤጀንት ነው እንጂ ቤቱን ለሚሸጠው አይደለም። ችግር የለውም፣ ግን እወቁት። ከኦገስት 17፣ 2024 ወዲህ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል ያስፈርማል፤ ክፍያው በቁጥር ወይም በመቶኛ ተጽፎ መገኘት አለበት፣ ኤጀንቱም ከዚያ በላይ ከማንም መቀበል አይችልም። መቶኛው ለድርድር ክፍት ነው። ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሆን ውል መጠየቅም ትችላላችሁ፤ አላውቀውም ለምትሉት ሰው የስድስት ወር አትፈርሙ። ኦፕን ሃውስ ራሳችሁ ሄዳችሁ ለማየት ውል አያስፈልግም።

ኪራይ ለሚፈልጉ አዲስ መጪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አጭበርባሪዎች ለሽያጭ የወጣ ቤት ፎቶ ገልብጠው በርካሽ ኪራይ ያወጡታል፣ «አገር ውስጥ አይደለሁም» ብለው ዲፖዚት በዜል ያስልካሉ። አድራሻውን ኤስዳት ላይ አስገብታችሁ የባለቤቱን ስም አመሳክሩ፤ ውስጡን ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ።

በመጨረሻ ዋጋውን የሚፈትነው የባንኩ አፕሬይዘር ነው። ባንክ የሚያበድረው ከተስማማችሁበት ዋጋና ከአፕሬይዛሉ ባነሰው ላይ ነው። በ500,000 ተስማምታችሁ 5 በመቶ ማለትም 25,000 ይዛችሁ አፕሬይዛሉ 480,000 ቢመጣ፣ ብድሩ የ480,000 95 በመቶ፣ 456,000 ይሆናል። 44,000 መቅረብ አለበት፤ 19,000 ተጨማሪ፣ የክሎዚንግ ወጪ ሳይቆጠር። ውላችሁ የአፕሬይዛል ኮንቲንጀንሲ ካለው ሻጩ እንዲቀንስ ትጠይቃላችሁ ወይም ትወጣላችሁ። ለማሸነፍ ብላችሁ እሱን ከተዋችሁ ግን ልዩነቱ የናንተ ነው።

አፕሬይዛሉ ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ ባንኩ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ጠይቁ። የዚሎውን ገጽ አትማችሁ አትላኩ፤ አይቀበሉትም። የሚቀበሉት አፕሬይዘሩ ያላያቸውን የተዘጉ ሽያጮች ነው፤ በፋኒ ሜይ ደንብ እስከ አምስት ድረስ ማቅረብ ይቻላል፣ ለአንድ አፕሬይዛል ጥያቄውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ኦፈር ስታዘጋጁ ከኤስዳት ያወጣችኋቸውን ቤቶች ከነአድራሻቸው፣ የተሸጡበት ቀንና ዋጋ፣ ከመሬት በላይ ካለው ስፋት ጋር አስቀምጡ። ስፋቱ በስህተት ከተጻፈም ሪፖርቱ ላይ ያለውን ንድፍ ከራሳችሁ ልኬት ጋር አያይዛችሁ ላኩ።